ለዕፅዋት አኳሪየም የትኛው የማዳበሪያ አሰጣጥ ይሻላል? አልጌ ሲመጣስ ምን ይደረጋል?

አኳሪየም ውስጥ አልጌ ሲታይ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያቆመው ማዳበሪያውን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ የሚብሰውም ከዚያ በኋላ ነው። ዋና ምግቦቹ የሆኑትን ናይትሬትና ፎስፌት ያጣ ተክል እድገቱን ያቆማል፣ አሮጌ ቅጠሉ መበስበስ ይጀምራል፣ ከብስባሹ የሚወጣው አሞኒያ ደግሞ አልጌውን ይቀልበዋል። አልጌ ተክሉ ከሚያስፈልገው እጅግ ባነሰ ምግብ መኖር ስለሚችል ሁለቱን አብሮ በማስራብ ቀድሞ የሚሸነፈው ተክሉ ነው።

ስለዚህ ጥያቄው «ማዳበሪያ ልስጥ ወይስ ልተው?» ሳይሆን «ለእኔ ገንዳ የሚስማማው አሰጣጥ የትኛው ነው?» መሆን አለበት። መልሱን የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ የመብራቱ ጥንካሬ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መግባቱ ወይም አለመግባቱ፣ በሳምንት ሊቀየር የሚችለው የውሃ መጠን። ሦስተኛው በውጭ አገር መመሪያዎች ብዙም አይነሳም፤ ቧንቧው እንደ ልብ ስለሚፈስላቸው ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት የአዲስ አበባ ሰፈር ግን ዘዴውን የሚመርጥልዎ ራሱ የውሃው ነገር ነው።

ከማዳበሪያው በፊት መብራቱ

መብራቱ በጠነከረ ቁጥር ተክሉ ካርቦን፣ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ፖታሲየም በዚያው ልክ ይጠይቃል። አንዱ ከጎደለ እድገቱ ይቆማል፣ ያልተጠቀመበት ብርሃን የአልጌ ሲሳይ ይሆናል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በማይገባበት ገንዳ ውስጥ ጠንካራ መብራት መስቀል አልጌን ለመጥራት ከሁሉም አቋራጭ መንገድ ነው፤ ምንም ዓይነት ማዳበሪያ ይህን አያስተካክልም።

በፓር (ተክሉ ሊጠቀምበት የሚችለውን ብርሃን በሚለካ) መሣሪያ አሸዋው ላይ ሲለካ ከ15 እስከ 30 ማይክሮሞል ዝቅተኛ፣ ከ30 እስከ 50 መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ ጠንካራ ነው። መለኪያ ከሌለዎት መብራቱን በግማሽ ኃይሉ በቀን 6 ሰዓት ብቻ ያብሩት። ሦስት ሳምንት ያለ አልጌ ካለፈ በየሳምንቱ ግማሽ ሰዓት እየጨመሩ 8 ሰዓት ላይ ያቁሙ። ማብራትና ማጥፋቱን ለታይመር ይስጡት። ገንዳው የጠዋት ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ሥር ካለ ቦታውን ይቀይሩ፤ የአዲስ አበባ ፀሐይ ለሁለት ሰዓት ብቻ ብትገባም ውሃውን አረንጓዴ ታደርገዋለች።

አራቱ ዘዴዎች

ከዚህ በታች ያለው ስሌት ሁሉ በእርግጥ 100 ሊትር ውሃ ለያዘ ገንዳ ነው። ጠጠሩ፣ ድንጋዩና ከላይ የሚተወው ባዶ ቦታ ሲቀነስ «የ100 ሊትር» ተብሎ የተሸጠ ገንዳ የሚይዘው ብዙ ጊዜ 85 ሊትር ያህል ስለሆነ መጀመሪያ ያስሉት።

የመጀመሪያው ዘዴ ለዓሣው በሚሰጠው ምግብ መተማመን ነው። አኑቢያስ፣ ጃቫ ፈርንና ክሪፕቶኮሪን የመሳሰሉ ቀስ ብለው የሚያድጉ ተክሎች፣ ደካማ መብራትና በቂ ዓሣ ካለ ናይትሮጅንና ፎስፈረሱ ከዓሣው ይገኛል። የሚጎድለው ፖታሲየምና ብረት ነው። በሳምንት 1 ግራም ፖታሲየም ሰልፌት (4.5 ሚሊግራም ፖታሲየም በሊትር ይሰጣል) እና ጥቂት የብረት ማዳበሪያ ከጨመሩ፣ ሩቡን ውሃ ከቀየሩ በቂ ነው። ለጀማሪ ከዚህ የሚበልጥ ምርጫ የለም።

ሁለተኛው ሁሉን በአንድ ጠርሙስ የያዘ ፈሳሽ ነው። ምቾቱ ግልጽ ነው፦ ሚዛን የለ፣ ቅልቅል የለ። ዋጋው ግን ለትልቅ ገንዳ አያዋጣም፤ የሚገዙት በአብዛኛው ውሃ ነው። ሲገዙ ጀርባውን አንብበው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ መኖሩን ያረጋግጡ። ሲኬም ፍለሪሽ የተባለው ምርት ዝናው ትልቅ ቢሆንም ናይትሮጅኑ 0.07 በመቶ ብቻ ነው፤ በዋናነት የሚሰጠው ብረትን የመሳሰሉትን፣ ተክሉ በትንሹ የሚፈልጋቸውን ጥቃቅን ንጥረ ነገሮች ነው። ትሮፒካ የተባለው አምራችም ሁለት ዓይነት አለው፦ ፕሪሚየም የሚባለው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ የለውም፣ ስፔሻላይዝድ የሚባለው አለው። ዓሣ የበዛበት ገንዳ በመጀመሪያው ይበቃዋል። ተክል በዝቶ ዓሣ ያነሰበት ገንዳ ላይ እሱኑ ማፍሰስ ግን አሮጌ ቅጠሎችን ቢጫ አድርጎ ያስቀራል።

ሦስተኛው ፒፒኤስ ፕሮ የሚባለው ነው፤ በየቀኑ ተክሉ የሚበላውን ያህል ብቻ መስጠት። ድብልቁን እቤት ማዘጋጀት ይቻላል። በግማሽ ሊትር ፈልቶ ለብ ባለ ውሃ 33 ግራም ፖታሲየም ናይትሬት፣ 29 ግራም ፖታሲየም ሰልፌት፣ 3 ግራም ሞኖ ፖታሲየም ፎስፌትና 20 ግራም ማግኒዥየም ሰልፌት ይሟሟል። ፖታሲየም ሰልፌቱ ቶሎ አይሟሟም፤ አናውጠው ያሳድሩት። ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ነጭ ደቃቅ ነገር ታች ከዘቀጠ ጠርሙሱን ሙቅ ውሃ ውስጥ አቁመው ያናውጡት እንጂ ከላይ ያለውን ብቻ እየቀዱ አይስጡ፤ የዘቀጠው የታሰበው ፖታሲየም ነው። ለ40 ሊትር 1 ሚሊሊትር፣ ለ100 ሊትር 2.5 ሚሊሊትር በየቀኑ መብራቱ ከመከፈቱ በፊት በመርፌ ይሰጣል። ይህ በየቀኑ 1 ሚሊግራም ናይትሬት፣ 0.1 ሚሊግራም ፎስፌትና 1.3 ሚሊግራም ፖታሲየም በሊትር ይሆናል። ግማሽ ሊትሩ 200 ቀን ያገለግላል።

ብረትና ሌሎቹ ጥቃቅን ንጥረ ነገሮች በሌላ ጠርሙስ ይቀመጣሉ። ከፎስፌቱ ጋር አንድ ላይ ከተጨመሩ ብረትና ፎስፌት ተያይዘው ይዘቅጣሉ፣ ሁለቱም ከጥቅም ውጭ ይሆናሉ።

አራተኛው አሜሪካዊው ቶም ባር ያስፋፋው ኢስቲሜቲቭ ኢንዴክስ ነው። ሐሳቡ ምንም እንዳይጎድል ከሚያስፈልገው በላይ መስጠትና የተረፈውን በሳምንት አንዴ ግማሹን ውሃ በመቀየር ማስወገድ ነው። ለ100 ሊትር በሳምንት ሦስት ጊዜ 1.2 ግራም ፖታሲየም ናይትሬትና 0.15 ግራም ሞኖ ፖታሲየም ፎስፌት ይጨመራል፤ በማግስቱ ደግሞ ብረትና ጥቃቅኖቹ። በሳምንት ሲደመር 22 ሚሊግራም ናይትሬትና 3 ሚሊግራም ፎስፌት በሊትር ነው። ይህን ዱቄት በማንኪያ መገመት አይቻልም፤ 0.01 ግራም የሚለይ የኪስ ሚዛን፣ የወርቅ ሠሪዎቹን ዓይነት፣ ያስፈልጋል።

የዘዴው ደኅንነት ያለው በውሃ ቅያሬው ላይ ነው። በየሳምንቱ ግማሹ ውሃ ከተቀየረ፣ ተክሉ ምንም ባይበላ እንኳ ክምችቱ ከሳምንቱ መጠን እጥፍ አያልፍም፤ ናይትሬቱ 44 ላይ ይቆማል። ቅያሬው ለአራት ሳምንት ከተዘለለ ግን ከላይ ከላዩ እየተከማቸ ወደ 90 ይጠጋል። ስለዚህ ውሃ በፈረቃ ለሚያገኝ፣ የሮቶውን ውሃ ለማብሰያና ለልብስ ለሚቆጥብ ቤት ይህን ዘዴ አንመክርም። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለሚያስገባ፣ ጠንካራ መብራት ላለው፣ ውሃም ለማያጣ ግን ከሁሉም ይበልጣል፤ መለካት አያስፈልገውም፣ ቀይ ተክሎችንና ምንጣፍ መስለው የሚዘረጉትን ይሸከማል።

በሦስተኛውና በአራተኛው ዘዴ መካከል የሚዋልል ሰው ፒፒኤስ ፕሮን ይምረጥ፤ ተክሉ ሲበዛና መብራቱ ሲጠነክር መጠኑን አንድ ተኩል ወይም እጥፍ ማድረግ ቀላል ነው።

በሥራቸው በኃይል የሚመገቡ፣ ለምሳሌ ክሪፕቶኮሪንና አማዞን ሶርድ፣ ተራ ጠጠር ላይ ከተተከሉ ከውሃው ማዳበሪያ በተጨማሪ ከሥራቸው አጠገብ የሚቀበር እንክብል ይፈልጋሉ፤ በ10 ሳንቲ ሜትር ርቀት አንድ፣ በየሦስት ወሩ። ተዘጋጅቶ የሚሸጠው የአኳሪየም አፈር ደግሞ ራሱ ምግብ አለው፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አሞኒያ ስለሚለቅ ዓሣ ከመግባቱ በፊት ደጋግሞ ውሃ መቀየር ያስፈልጋል።

ዩሪያ፣ ዳፕና ኤንፒኤስ

ገበሬው የሚጠቀመው ማዳበሪያ በእጅ ስለሚገኝና ርካሽ ስለሆነ «ጥቂት ብጨምር ምን አለበት?» የሚል ይኖራል። አለበት። ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ነው፤ 1 ግራም ብቻ 100 ሊትር ውሃ ውስጥ ሲገባ ባክቴሪያ ሰብሮት እስከ 6 ሚሊግራም አሞኒየም በሊትር ሊያወጣ ይችላል። የውሃው ፒኤች (የአሲድነቱ መለኪያ ቁጥር) ከ8 በላይ ከሆነ ከዚህ ውስጥ ዓሣ የሚገድለው አሞኒያ ድርሻ ከፍ ይላል። የዓሣው ቶሎ ቶሎ መተንፈስ፣ ላይ ወጥቶ ማፋሸክ፣ የመተንፈሻ ስንጥቡ መቅላት የዚህ ምልክት ነው፤ ወዲያው ግማሹን ውሃ ይቀይሩ። ዳፕና ኤንፒኤስም ናይትሮጅናቸው በአሞኒየም መልክ ነው፣ በዚያ ላይ ፎስፌታቸው ከፍተኛ ነው። አሞኒያ ከናይትሬት ይልቅ አልጌን በፍጥነት ያስነሳል፤ ውሃው በሁለት ሦስት ቀን እንደ ጎመን ወጥ መረቅ አረንጓዴ የሚሆነው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

የሚሻለው በባቱ፣ በሆለታና በቢሾፍቱ አካባቢ ያሉ የአበባ እርሻዎች በጠብታ መስኖ የሚሰጡት ዓይነት ውሃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሚሟሟ ማዳበሪያ ነው። ከረጢቱ ላይ ያለው ቁጥር ይዘቱን ይናገራል፦ 13-0-46 ፖታሲየም ናይትሬት፣ 0-52-34 ሞኖ ፖታሲየም ፎስፌት፣ 0-0-50 ፖታሲየም ሰልፌት። 20-20-20 የተባለው ግን ናይትሮጅኑ ከዩሪያና ከአሞኒየም ስለሚቀላቀል ለአኳሪየም አይሆንም።

ውሃው ራሱ ምን ይዟል?

አዲስ አበባ ውስጥ ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች የሚመጣው ውሃና ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚሳበው አንድ ዓይነት አይደለም። ማዳበሪያ ከመጀመርዎ በፊት የቧንቧውን ናይትሬት፣ ጥንካሬ (በውስጡ የሟሟውን የካልሲየምና የማግኒዥየም ልክ) እና ፒኤች ይለኩ፤ ውሃው ራሱ 20 ሚሊግራም ናይትሬት ይዞ ከመጣ ፖታሲየም ናይትሬቱን ትተው በፖታሲየም ሰልፌት መተካት ነው። ሲለኩ መለኪያው የሚያሳየው ናይትሬትን ነው ወይስ በናይትሬት ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን ብቻ? የሚለውን ወረቀቱ ላይ ያንብቡ። ሁለተኛው ከሆነ በ4.4 ይባዛል፤ 10 ያለው በእርግጥ 44 ነው።

ፒኤች የብረቱን ዓይነት ይወስናል፤ ብረቱ ሟሙቶ እንዲቆይ ከሚያስረው ውህድ ጋር ነው የሚሸጠው። በኢዲቲኤ የታሰረ ብረት ፒኤች ከ6.5 ካለፈ ቶሎ ይፈታና ይዘቅጣል። በዲቲፒኤ የታሰረው እስከ 7.5 ገደማ ይቆያል። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች እንደሚገኘው ፒኤቹ 8 የደረሰ ውሃ ላይ የሚጸናው በኢዲዲኤችኤ የታሰረው ነው፤ ውሃውን ሮዝ ቀለም ስለሚያስመስለው መጠኑን አሳንሶ መስጠት ነው። አዲሱ ቅጠል ነጣ ብሎ ደም ሥሩ ብቻ አረንጓዴ ከሆነ ብረት ከመጨመርዎ በፊት የብረቱን ዓይነት ይመርምሩ።

በእስራኤልና በገልፍ አገሮች ለምትኖሩ፦ ጨው ከወጣለት የባሕር ውሃ በሚቀዳ ቧንቧ ውስጥ ማግኒዥየም በጣም ያንሳል። በሳምንት 5 ግራም ማግኒዥየም ሰልፌት ለ100 ሊትር 5 ሚሊግራም ያህል ማግኒዥየም ይጨምራል።

አልጌው ምን እያለ ነው?

ሁሉም አልጌ አንድ ስላልሆነ መድኃኒቱም አንድ አይደለም።

በአዲስ ገንዳ ላይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚታየው፣ በጣት ሲነካ የሚለቅ ቡናማ ልባስ ዳያቶም ነው። ጠርገው በቱቦ ይሳቡት፤ ተክሉ ሲይዝ ራሱ ይጠፋል። ለእሱ ብሎ ምንም መቀየር አያስፈልግም።

መስታወቱና የአኑቢያስ ቅጠል ላይ ተጣብቆ በጣት የማይለቅ አረንጓዴ ነጥብ አብዛኛውን ጊዜ የፎስፌት ማነስና የመብራት መብዛት ነው። መስታወቱን በምላጭ ይፋቁ፣ ፎስፌቱን በሳምንት 1 ሚሊግራም በሊትር ከፍ ያድርጉ። «አልጌ አለ» ብሎ ፎስፌት የሚቀንስ ሰው ይህን አልጌ ዓመቱን ሙሉ ሲፋቅ ይኖራል።

ጥቁር ጢም የሚመስለው፣ ቅጠል ጫፍና ፊልተሩ መውጫ ላይ የሚበቅለው፣ ከሁሉም አስቸጋሪው ነው። የሚመጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ አንድ ቀን ሲበዛ አንድ ቀን ሲያንስ፣ ፊልተር ሳይታጠብ ሲከርምና ቆሻሻ ሲከማች ነው። መብራት በየጊዜው በሚጠፋበት ቤት ይህ በደንብ ይታያል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ መብራቱ ከመከፈቱ 2 ሰዓት ቀድሞ ይከፈት፤ 4 ዲግሪ ካርቦኔት ጥንካሬ ባለው ፈሳሽ የተሞላው የጋዙ መለኪያ ቀኑን ሙሉ ፈካ ያለ አረንጓዴ ይሁን፤ ያ በሊትር 30 ሚሊግራም ገደማ ማለት ነው። ቢጫ ከሆነ ለዓሣው አደጋ ነው።

ጠጠሩ ላይ እንደ ስስ ጨርቅ ተዘርግቶ በአንድ ላይ የሚነሳ፣ የሚሸት ሰማያዊ አረንጓዴ ነገር አልጌ ሳይሆን ባክቴሪያ ነው። ናይትሬት ዜሮ በሆነበትና ውሃ በማይዘዋወርበት ጥግ ይበቅላል። በቱቦ ስበው ያውጡት፣ ናይትሬቱን ከ10 እስከ 20 ያድርሱ፣ ገንዳውን ለ3 ቀን በወፍራም ብርድ ልብስ ሸፍነው ያጨልሙት፤ ከዚያ ግማሹን ውሃ ይቀይሩ። አንቲባዮቲክ የሚመክሩ አሉ፤ ያለ ሐኪም አንቲባዮቲክ ገንዳ ውስጥ ማፍሰስ መድኃኒቱን የለመደ ባክቴሪያ ያፈራል፣ ይተዉት።

የማጥፊያ አማራጮች ሲነጻጸሩ

እጅ ይቀድማል። የተበከለውን ቅጠል ከግንዱ መቁረጥ፣ ክር መሳዩን አልጌ በጥርስ ብሩሽ ጠቅልሎ ማውጣት ከየትኛውም ፈሳሽ የበለጠ በአንድ ቀን ያስወግዳል።

ከፋርማሲ የሚገዛው 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ለጥቁሩ ጢም ጥሩ ነው። ፊልተሩን ያጥፉ፣ ለ4 ሊትር ውሃ ከ1 ሚሊሊትር ሳያልፉ በመርፌ አልጌው ላይ በቀስታ ይልቀቁበት፤ አረፋ ይወጣል። ከ10 ደቂቃ በኋላ ፊልተሩን ያብሩ። ጥቁሩ በጥቂት ቀን ውስጥ ወደ ሮዝ ከተቀየረ ሞቷል። ጠርሙሱ 6 በመቶ ከሆነ መጠኑ በግማሽ ይቀንሳል። ሞስና ቫሊስኔሪያ የተባሉት ተክሎች ይጎዳሉ፣ ሽሪምፕም አይወደውም።

ግሉታራልዴሃይድ፣ «ፈሳሽ ካርቦን» ተብሎ የሚሸጠው፣ አልጌን ይገድላል፤ ግን ካርቦን ዳይኦክሳይድን ይተካል ብለው አይግዙት። ቫሊስኔሪያን ያሟሟል፣ ለዓይንና ለሳንባም አደገኛ ነው። ፐርኦክሳይድ ካለዎት እሱ ይሻላል።

ኦቶሲንክለስ ዓሣ፣ አማኖ ሽሪምፕና ኔሪት ቀንድ አውጣ ለስላሳውን አልጌ ይግጣሉ፤ ሥር የሰደደ ጥቁር ጢም ላይ ግን ብዙ አይጠብቁባቸው።

ማጨለምን ሲመርጡ ስለ ከፍታው ያስቡ። በ25 ዲግሪ ሙቀት ባሕር ጠለል ላይ ውሃ 8.3 ሚሊግራም ኦክስጅን በሊትር ይይዛል፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ባለችው አዲስ አበባ 6 ገደማ ብቻ ነው። በጨለማው ተክሉ ኦክስጅን ማውጣቱን ያቆማል፣ የሚሞተው አልጌም ሲበሰብስ ያለውን ይጨርሳል። ስለዚህ አየር ፓምፑ ሌሊትና ቀን ይሥራ፣ መብራት ቢጠፋ የሚሆን በባትሪ የሚሠራ አንድ ይዘጋጅ።

በፍጥነት የሚያድግ ተንሳፋፊ ተክልም ጥሩ አጋዥ ነው፤ ዳክዊድ ወይም ሆርንዎርት የተረፈውን ምግብ ይመጥጣል። እምቦጭ ግን ከሐይቅ አምጥተው አይጠቀሙ። ጣና ላይ ያደረሰውን እናውቃለን፤ አንድ የተክሉ ቁራጭ ወደ ሌላ ወንዝ መሻገሩ ይበቃዋል። ከገንዳው የሚቆረጠውን ተክልም አድርቀው ከቆሻሻ ጋር ያውጡት እንጂ ወደ ወንዝ አይጣሉ።

የትኛውንም ቢመርጡ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩና ሁለት ሦስት ሳምንት ይጠብቁ። የሚታየው አዲስ የወጣው ቅጠል ነው፤ የተበላሸ አሮጌ ቅጠል አይድንም።

ከውጭ ለሚያስመጡ

ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ከሚመጣ ዘመድ ማዳበሪያ የሚያስልኩ ካሉ፦ ፖታሲየም ናይትሬት ዱቄት እሳት አቀጣጣይ ተብሎ ስለተመደበ በተሳፋሪ ሻንጣ አይፈቀድም፤ አውሮፓ ኅብረት ውስጥ ደግሞ ለፈንጂ መሥሪያ ሊውሉ ከሚችሉ ኬሚካሎች ዝርዝር ውስጥ ስላለ ሽያጩ ክትትል አለው። ዘመድዎን አየር ማረፊያ ላይ አያስቸግሩ። የተዘጋጀውን የጠርሙስ ፈሳሽ ያስልኩ፣ ወይም ዱቄቱን እዚሁ የግብርና ግብዓት ከሚሸጡ ይፈልጉ።

እቤት የተዘጋጀውን ድብልቅ በሃይላንድ ጠርሙስ የሚያስቀምጥ ሰው ብዙ ነው። ቀለም ስለሌለው ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል። የመድኃኒት ጠርሙስ ይጠቀሙ፣ ስሙንና የተዘጋጀበትን ቀን ይጻፉበት፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆልፉበት።